የአውራ ጣት መርፌ የሚሰጠው ፋታ

አሰላና በቆጂ ሲነሱ ሰው ሁሉ የሚያስበው እግርን ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ ወጥተው ዓለምን ሲያስደምሙ ኖረዋልና አይገርምም። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የጓጓሁት ስለ እጅ ነው፤ ከእጅም ስለ አውራ ጣት፣ ከአውራ ጣትም ስለ ሥሩ። የአርሲን ደጋ የሚያርሰው፣ የሚያልበውና የሚጋግረው እጅ ነው። ስንቷ እናት ናት የአውራ ጣቷን ሥር ጨብጣ እያሸች «ብርድ መታኝ» የምትለው! ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «መርፌ የለውም ወይ?»

አለው። ነገር ግን መርፌው ምን እንደሚያደርግ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያደርገውና በዚያ ጊዜ ውስጥ እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን ካላወቅን ገንዘባችንንም ተስፋችንንም እናባክናለን።

እስቲ ቦታውን አብረን እናግኘው። የግራ አውራ ጣታችሁን በቀኝ እጃችሁ ያዙና ከጥፍሩ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። መጀመሪያ የሚታጠፈውን አንጓ ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ረዘም ያለ አጥንት ተከትላችሁ የእጅ አንጓ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ጣቱን ስታሽከረክሩት ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል፤ እሷ ናት። እዚያ ላይ ትራፒዚየም የምትባል ትንሽ አጥንትና የአውራ ጣቱ ረጅም አጥንት ይገናኛሉ። የሁለቱም ፊት ጎበጥ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ፣ አንዱ ሌላው ላይ የሚቀመጠው የአርሲ ፈረሰኛ ኮርቻው ላይ እንደሚቀመጠው ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደልቡ ይላል። ሐኪሞችም ስሙን ከዚሁ አውጥተው የኮርቻ መገጣጠሚያ ይሉታል። አውራ ጣት ከአራቱም ጣቶች ጋር ፊት ለፊት መግጠም የቻለው በዚህች ቅርጽ ነው።

ይህ ነፃነት ግን ዋጋ አለው። ኩኒና ቻኦ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ስሌት፣ በአውራና በሌባ ጣት ጫፍ በ1 ኪሎ ኃይል ብንቆነጥጥ ሥሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። አጥብቀን ስንጨብጥማ እስከ 120 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህን ቁጥር ካወቅሁ ወዲህ የባቄላ እሸት ሲፈለፈል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አውራ ጣት ላይ ነው። አንድ እሸት፣ አንድ ግፊት። ከምሳ በኋላ የተቀመጠች ሴት አንድ ዕንቅብ እስክትጨርስ ስንት ጊዜ ትገፋለች? ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ስፌቱ አለ፣ እንዝርቱ አለ፣ ታጥቦ የሚጨመቀው ጋቢ አለ።

ዕድሜ ሲገፋ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውን አቅፈው የያዙት ጅማቶች ይላላሉ፣ የውስጥ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ዳር ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ይህን ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ሴቶችን በብዛት ያጠቃል፤ በዘርም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ ውስጥ የወር አበባቸው የተቋረጠ 143 ሴቶች ራጅ ተነሥተው፣ ከአራቱ አንዷ ላይ የዚህች መገጣጠሚያ ብቻ ለውጥ ታይቷል። የሚገርመው ክፍል ይኼ ነው፦ ለውጡ እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ከታየባቸው መካከል ቦታው ያማቸው የነበሩት ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ራጁና ሕመሙ ሁልጊዜ አይስማሙም ማለት ነው። ስለዚህ ራጃችሁ «አልቋል» ቢል አትደንግጡ፤ ሐኪሙ ማከም ያለበት እናንተን ነው።

ብርዱስ? አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጭላሎም አናት ከ4000 ሜትር ያልፋል። ማለዳ ላይ ጣት ሲቆረፍድ ሕመሙ ሊብስ ይችላል። በሽታውን የሚያመጣው ግን ብርድ አይደለም፤ ቆላ ያሉ እጆችም ይኸው ያገኛቸዋል። ሙቀት ማስታገሱ እውነት ነው፤ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቶ «እጄ ተፈታ» የሚል ሰው አልተሳሳተም። ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እጅን መዘፍዘፍም ያንኑ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ቁርጥማቱን ሁሉ «ሪህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አውራ ጣቱን መዳፍ ውስጥ አጥፋችሁ፣ ጡጫ ጨብጣችሁ፣ አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ስታዘነብሉት ሕመሙ ወደ ክንድ ሽቅብ ከሮጠ፣ የታመመው መገጣጠሚያው ሳይሆን አጠገቡ የሚያልፈው ጅማት ሳይሆን አይቀርም። ይህ የጅማት ሕመም ሕፃን አንሥተው የሚያስተኙ አዲስ አራስ እናቶችን በብዛት የሚይዝ ሲሆን፣ ለእሱ ስቴሮይድ የሚባለው ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት መርፌ በጣም ጥሩ ውጤት አለው። የሁለቱም እጆች አንጓዎች አብጠው፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈታ ካሉ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ በጊዜ መድኃኒት ካልተጀመረለት እጅ ያጣምማል። መርፌ ከመጠየቅ በፊት የትኛው እንደሆነ ይታወቅ።

አሁን ወደ መርፌው። በሀገራችን መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ ሕመምተኛ እንዳልታከመ ሲቆጠር ኖሯል። ሳጉሬ ያለችው አክስቴ ስለ አውራ ጣቷ ስታማክረኝ ያለችኝ ይህንኑ ነው፦ «ያቺ ጉልበቴን ያስለቀቀችኝ መርፌ አለች አይደል፣ ልጄ? እሷኑ እጄ ላይ ቢወጉኝስ?»

ያቺ መርፌ ዲክሎፌናክ ነበረች፤ መቀመጫ ላይ የምትወጋ ማስታገሻ። ጡንቻ ውስጥ ገብታ በደም ወደ መላ አካል ትሰራጫለች፣ ለሰዓታት ታስታግሳለች፣ ትወጣለች። ደጋግመው ሲወጓት ጨጓራን ታደማለች፣ ኩላሊትን ትጎዳለች፣ የደም ግፊትን ታንራለች። ሌላዋ በየቦታው የምትወጋው ዴክሳሜታዞን ናት። እሷ የስቴሮይድ ዘር ብትሆንም መቀመጫ ላይ ስትወጋ መላውን ሰውነት ታዳርሳለች፤ ስትደጋገም ስኳርን ከፍ ታደርጋለች፣ አጥንትን ታሳሳለች። ለአንዲት አውራ ጣት ተብሎ መላ አካልን መድኃኒት ማጠጣት አያስፈልግም።

ሐኪሞች ለአውራ ጣት ሥር የሚሰጡት መርፌ መገጣጠሚያው ውስጥ በቀጥታ የሚገባ፣ ቀስ እያለ የሚሟሟ ስቴሮይድ ነው፤ ትሪያምሲኖሎን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን። መነሻው እ.ኤ.አ. 1948 ነው። በዚያ ዓመት ፊሊፕ ሄንች ሜዮ ክሊኒክ ውስጥ ኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥቶ አልጋ ላይ የቀረች ሴት ስትራመድ አየ፤ በ1950 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1951 ደግሞ ጆሴፍ ሆላንደር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የኮርቲዞን ዘመድ የሆነውን ሃይድሮኮርቲዞን በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ መጨመር እንደሚቻል አሳየ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በደንብ ያጸዳል። ረዳቱ ወይም ራሱ ሐኪሙ አውራ ጣቱን ወደ ፊት ሳብ ያደርገዋል፤ ሲሳብ በአጥንቶቹ መካከል ያለችው ክፍተት ትንሽ ሰፋ ትላለች። በጣም ቀጭን መርፌ ከጀርባ በኩል በዚያች ክፍተት ይገባል። የሚጨመረው ከ1 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ቦታው ከዚያ በላይ አይዝም። ብዙ ጊዜ ከሊዶካይን ማደንዘዣ ጋር ይቀላቀላል። ጠባብ ቦታ ስለሆነ በእጅ ብቻ ዳስሶ መሳት ቀላል ነው፤ አልትራሳውንድ እያየ የሚወጋ ሐኪም የመሳት ዕድሉ ይቀንሳል። ማደንዘዣው ወዲያው ያስታግሳል፣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ስቴሮይዱ ሥራ የሚጀምረው ቀናት ቆይቶ ነው። በመካከሉ አንድ ሁለት ቀን ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው «አበላሹኝ» ብሎ ይደነግጣል።

ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያጓጓው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልፋስት ያሉ ሐኪሞች 40 ሕመምተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ትሪያምሲኖሎን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ብቻ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ አያውቁም። ከ24 ሳምንት በኋላ ሲታዩ ስቴሮይዱ ከጨው ውሃው የተሻለ ነገር አላሳየም። በጨው ውሃ የተወጉትም መሻል አሳይተው ነበር! በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ መርፌን ከሦስት ሳምንት የእጅ መደገፊያ ጋር አጣምሮ ሲሞክር፣ በሽታው ገና ጀማሪ የሆነባቸው ብዙዎቹ ከዓመት በላይ እፎይ አሉ፤ መገጣጠሚያው ያለቀባቸው ግን ብዙም አልተጠቀሙም። ይኼኛው የሚነጻጸርበት የጨው ውሃ ቡድን አልነበረውም፤ ያም ሆኖ ለሐኪሞች ፍንጭ ሰጥቷል።

ስለዚህ ታላላቆቹ ማኅበራት ራሳቸው አልተስማሙም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር በ2018 ባወጣው ምክር ለእጅ ኦስቲዮአርትራይተስ የስቴሮይድ መርፌን በጥቅሉ አትጠቀሙ ሲል፣ የአሜሪካው አቻው በ2019 ሁኔታው ታይቶ ይሰጥ አለ። የእንግሊዙ የጤና ተቋም የ2022 መመሪያ መካከሉን ይዟል፦ ሌላው ሕክምና አልሠራ ሲል ይሞከር፤ እፎይታው ግን ከ2 እስከ 10 ሳምንት መሆኑ ለሕመምተኛው ይነገረው። እኔ ከሦስቱ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ሐቁን የሚናገር ነውና። መርፌው የሚሰጠው ፋታ ነው። ፋታው ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚለውን የሚወስነው በፋታው ውስጥ የተሠራው ነው።

ሌሎች መርፌዎችም አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ውጭ ካሉ ዘመዶቻችንም ስማቸው ይሰማል። ሃያሉሮኒክ አሲድ መገጣጠሚያን ያለሰልሳል ተብሎ የሚሰጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። በ2008 የወጣ ጥናት 60 ሰዎችን በሃያሉሮኒክ፣ በስቴሮይድና በጨው ውሃ አነጻጽሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የእንግሊዙ መመሪያም አትስጡ ይላል። ዋጋው ውድ ስለሆነ እኔም ወዳጄን አልመክርበትም። ፒአርፒ የሚባለው የሕመምተኛው የራሱ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ፕሌትሌት የበዛበት ክፍል ተመልሶ የሚወጋበት ነው። በ33 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በዓመቱ ከስቴሮይድ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደስ ይላል፣ ግን 33 ሰው ጥቂት ነው። ከሁሉ የገረመኝ የኢራን ሐኪሞች በ2014 ያሳተሙት ነው። ግሉኮስ የምንለውን የስኳር ውሃ፣ ዴክስትሮስን፣ ከስቴሮይድ ጋር በ60 ሰዎች ላይ አወዳደሩ፤ በመጀመሪያው ወር ስቴሮይዱ በለጠ፣ በስድስተኛው ወር ዴክስትሮሱ። እንደ እኛ ባለ ሀገር ውድ ያልሆነ ነገር እንዲህ ተስፋ ሲያሳይ በትልቅ ጥናት ቢፈተሽ እንዴት ደስ ባለኝ!

ጉዳቶቹን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስቴሮይድ ከቆዳ ሥር ከፈሰሰ ቦታውን ሊያነጣውና ሊያሰረጉደው ይችላል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ግን ይቆያል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለቀናት ስኳሩ ስለሚጨምር መለካት አለበት። ኢንፌክሽን እምብዛም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን አደገኛ ነው፦ ከመርፌው በኋላ ቦታው ከቀን ወደ ቀን እየቀላ፣ እያበጠ፣ ትኩሳት ካመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ንጽሕናው የማያስተማምን ቦታ መገጣጠሚያችሁን ለመርፌ አትስጡ። በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ መወጋትም አይመከርም፤ ራሱ መድኃኒቱ ሲደጋገም ልም አጥንቱን ይጎዳል። አሰላ ውስጥ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ስትሄዱ «መቀመጫ ላይ ነው ወይስ መገጣጠሚያ ውስጥ? መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ጥያቄ ናቸው፤ መልሳቸው ብዙ ይነግራችኋል።

በፋታው ጊዜ ምን ይሠራ? የመጀመሪያው መደገፊያ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 112 ሰዎች ተሳትፈው እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ማታ ማታ የአውራ ጣታቸውን ሥር በልካቸው በተሠራ መደገፊያ ይዘው የተኙት በአንደኛው ወር ምንም የተለየ ለውጥ አላዩም። በዓመቱ ግን ሕመማቸው ካላደረጉት ይልቅ በግልጽ ቀነሰ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሕክምና ነው፤ ሰው ሳምንት አድርጎት «አልሠራም» ብሎ የሚጥለውም ለዚህ ነው። የአሜሪካው ማኅበር መርፌን በማመንታት፣ መደገፊያን ግን አጥብቆ መክሯል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በልካችሁ ሊሠራላችሁ ይችላል። ዲክሎፌናክም ቢሆን ቅባቱ ቦታው ላይ ሲቀባ ከመርፌውና ከኪኒኑ ይልቅ ሆድና ኩላሊትን ይምራል።

ከዚያ የዕለት ሥራ አለ። ጋቢውን ከመጭመቅ ይልቅ ውሃው ተንጠባጥቦ እንዲወርድ ማስጣት ወይም ለሁለት ሆኖ መጠምዘዝ። የቢላዋን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፤ እጀታ በወፈረ ቁጥር ጣት አጥብቆ መቆንጠጥ አያስፈልገውም። ድስት በሁለት መዳፍ ማንሣት።

አርሲ ላይ ግን ከሁሉ የሚብሰው ማለብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ስንዴና ማዳበሪያ ብቻ አይደለም ያመጣው፤ ድቅል ጊደሮችንም ለገበሬው አከፋፍሏል። የሀገር ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ትሰጣለች፤ ድቅሏ ከዚያ እጥፍ ድርብ። ወተቱ ሲበዛ የሚበዛው የማን ሥራ ነው? አክስቴ ስታልብ ቁጭ ብዬ አየኋት። ጥጃው ጠብቶ ወተቱ ሲወርድ አስራው፣ ጣቷን ቅቤ ነካ አድርጋ፣ የጡቱን ጫፍ በአውራና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ ወደ ታች ትስበዋለች። ቆንጠጥ፣ ሳብ፤ ቆንጠጥ፣ ሳብ። ያ 12 እጥፍ ጫና በእያንዳንዱ ጭረት ሥሩ ላይ ያርፋል።

የተሻለ መንገድ አለ፤ ላሟም ትወደዋለች። ጡቱ በሙሉ መዳፍ ይያዛል። አውራና ሌባ ጣት ከላይ ገጠም ብለው ወተቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ፤ ከዚያ መሐል ጣት፣ ቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት በተራ ይጨምቃሉ። መሳብ የለም። ኃይሉ ለአራት ጣትና ለመዳፍ ይካፈላል፣ ጡቱም አይቆስልም። የጡቷ ጫፍ አጭር የሆነች ላም ለዚህ አትመችም፤ የዚያችን ላም ተራ ሌላ ሰው ይያዝላት፣ አሊያም በፋታው ሳምንታት ልጆች ይለቡ። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው ወተቱ ቀነሰባትና ተናደደች፤ ስትለምደው ግን እጇ ራሱ ተራውን ያዘ።

ይህም ያም ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣ ቀዶ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ጀርቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ያስተዋወቀው፣ ትራፒዚየሟን ጨርሶ ማውጣት፣ ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ነው። ሕመሙን በደንብ ያጠፋል፤ እጅ ወደ ሙሉ ጉልበቱ ለመመለስ ግን ወራት ይፈልጋል። እዚህ ጋ መርፌው እንደገና ይነሣል፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ ስቴሮይድ የተወጋ መገጣጠሚያ ቁስሉ የመመርቀዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። እናም መርፌ በተወጋችሁ ቁጥር የመድኃኒቱን ስምና ቀኑን የሕክምና ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ፤ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።